በገብርኤል ዕለት የተቃጠለው ላፕቶፕ

በ2004 ዓ.ም. ሐምሌ ሃያ ቀን የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ «ላፕቶፑ ላይ ውሃ ደፍታ አቃጠለችው» ብሎ ደብዳቤ ጻፈብኝ። ስሙን አልጠራም፤ ያኔ ንፋስ መውጫ ከተማ የነበረ ሰው ያውቀዋል። በጽሕፈት ሥራ አሥራ ሰባት ዓመት ስቆይ በማኅደሬ አንድም የጥፋት ደብዳቤ አልገባም ነበር። እሱ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነበር።

የዓመቱ ሪፖርት የሚላክበት ሰሞን ነው። ክረምቱ የመብራት ምሰሶ ጥሎ ከተማው መብራት ካጣ ሰንብቷል። ከግቢያችን ጀርባ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ነበር። ሞተሩ በአንዱ ቀበቶ ድንጋዩን፣ በሌላው ቀበቶ መብራት የሚያመነጭ ዲናሞ ያዞራል። ኃላፊው ከባለወፍጮው ጋር ተስማምቶ ከዲናሞው ሽቦ በአጥር ላይ አስዘርግቶ ወደ ክፍላችን አስገባ። አራት ቀን ያለ ችግር ሠራንበት። አምስተኛው ቀን ሐምሌ ገብርኤል ነበር። ረፋድ ላይ ሠንጠረዥ ስሞላ አምፖሉ ቦግ ብሎ ዓይኔን ወጋው፤ ወዲያው ተቃጠለ። ቻርጀሩ ጧ አለ። ላፕቶፑም ጠፋ።

ጠረጴዛዬ ላይ ክዳኑ የተገጠመ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ኃላፊው ሲገባ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው።

«ምን አፈሰስሽበት?» አለኝ። እስከዚያ ቀን «እትዬ» እያለ በአንቱታ ነበር የሚያናግረኝ።

«ጠርሙሱን ይዩት፤ ሙሉ ነው» አልሁት።

«መልሰሽ ሞልተሽው ይሆናላ!»

«አምፖሉንስ ምን አፍስሼ አቃጠልሁት?»

«አምፖል ሁልጊዜ ይቃጠላል» ብሎ ወጣ።

ባልደረቦቼ ደግሞ የራሳቸው ፍርድ ነበራቸው። ገንዘብ ያዧ በሩ ላይ ቆማ «በገብርኤል ዕለት እንዲያ ስትቀጠቅጪ፣ መልአኩስ ምን ያድርግ!» አለችኝ።

«መልአኩ ያዘዘኝን ሰው ትቶ ማሽኑን ይቀጣል?» አልኋት። ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ደብዳቤው ከማኅደሬ እንዲወጣ ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ጠጋኝ ይየው ብዬ ስጠይቅ ኃላፊው «የሞተ ነገር ነው፤ ከፈለግሽ አንቺው አሳዪው» አለ። ንብረት ክፍል ፈርሜ ወሰድሁት።

ገበያው ዳር ጨርቅ እየሸጠ ራዲዮና ሞባይል የሚጠግን አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ላፕቶፕም ይከፍታል ሲሉ ሰምቼ ሄድሁ።

«እዚሁ ፊቴ ይክፈቱት» አልሁት።

«አላመኑኝም እትዬ?»

«ማንንም አላምንም።»

«እንግዲያው ወንበር ይሳቡ።»

መጀመሪያ ቻርጀሩን አነሣና አሸተተው። «አፍንጫ ከቴስተር ይቀድማል» አለ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ወደ ጎን ትቶ። በቢላዋ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለችው የመስተዋት ፊውዝ ጠቁራለች፤ አጠገቧ አንድ እንደ በርሜል ያለ ነገር አናቱ ተቀዶ ቡናማ ዝቃጭ ተፍቷል። ቀጥሎ ደህና ቻርጀር አምጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካው የቻርጀሩ አረንጓዴ መብራት ጠፋች። ሲነቅለው በራች። ደግሞ ሰካው፤ ደግሞ ጠፋች።

«ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«ውስጥ አንድ ቦታ ሁለት መንገድ ተጋጥሟል። የሚመጣው ኃይል ሁሉ እዚያ ይፈሳል፤ ቻርጀሩም ፈርቶ ይዘጋል።»

ባትሪውን አወጣ፤ ብሎኖቹን ፈታ። አሥራ ሰባት ዓመት ከጽሕፈት መሣሪያ እስከ ኮምፒውተር ስቀጠቅጥ ከፊደሉ ሥር ምን እንዳለ አንድም ቀን አላየሁም ነበር። አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ነገሮች ተደርድረዋል። የውሃ ምልክት፣ ዝገት፣ ነጭ እድፍ ፈለግን፤ የለም። በፊደሎቹ ሥር ያለው አቧራ እንኳ ደረቅ ነበር። ይህንን በዓይኔ ሳይ ወደ ኃላፊው ልሮጥ ፈለግሁ፤ ግን የትኛዋ ፍሬ እንደታመመች የማወቅ ጉጉት አስቀመጠኝ።

ሰሌዳውን በአልኮል አራሰው። «አረቄም ይሆን ነበር፤ ሱቄ አረቄ ከሸተተ ግን ሽማግሌዎቹ ምን ይሉኛል!» አለ። ከዚያ ጥቂት ኃይል ለቀቀበት። «የታመመችው ትሞቃለች፤ የሞቀችው ቀድማ ትደርቃለች። ዓይንዎ ደህና ከሆነ ይፈልጉ።»

ሁለታችንም አጎነበስን። ከቻርጀሩ መግቢያ አጠገብ አንዲት ነጥብ አልኮሉን ጠጥታ ደረቀች።

«ይቻት!» አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ሥራዬን ሊወስዱብኝ ነው እንዴ?» አለና በወረንጦ ነቀላት። አጠገቧ ያሉት መሰሎቿ ሥራዋን እንደሚሸፍኑላት ነገረኝ። ደህናውን ቻርጀር ሲሰካው ላፕቶፑ ተነሣ። ያቋረጥሁት ሠንጠረዥም አልጠፋም።

«ይህ ከልክ በላይ የመጣ ኃይል ነው» አለኝ። «ከየት እንደመጣ ግን ላፕቶፑ አይነግረንም።»

አራት ቀን ደህና የነበረ ነገር በአምስተኛው ቀን ምን ነካው? ይህ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ። ጠጋኙን ከነቴስተሩ ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድሁ። ባለወፍጮው ሽማግሌ ናቸው።

«አባባ፣ በገብርኤል ዕለት ስንት ሰው አስፈጨ?»

«በገብርኤል ማን እህል ያመጣል ልጄ! እኔማ ለአለቃሽ ነግሬው ነበር። ዛሬ የሚፈጭ የለም፣ ሞተሩ ይረፍ ስለው፣ ለእኛ ብቻ አስነሣልን አለኝ። ድንጋይ ባዶውን ከዞረ ይበላላል፤ የድንጋዩን ቀበቶ አውልቄ አስነሣሁለት።»

«ነዳጁንስ ቀነሱት?» አለ ጠጋኙ።

«ነዳጁማ መቆጣጠሪያ ዘንጉ እየተንሸራተተ ቢያስቸግረኝ በሽቦ አስሬዋለሁ። እንደታሰረ ነው።»

ጠጋኙ ቴስተሩን ዲናሞው ላይ አኖረ። የአንዲት ሴት ገብስ እየተፈጨ ነበር፤ መርፌው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ላይ ቆመ። ገብሱ አልቆ ሽማግሌው ቀበቶውን ሲያወልቁ ሞተሩ ጮኸ፤ መርፌው ሦስት መቶን አለፈ። አራት ቀን ሙሉ ላፕቶፑን የጠበቀው ለካ የገበሬው እህል ነበር።

«በሬም ቢሆን ቀንበሩን ስታወርጅለት ይፈነጫል» አሉ ሽማግሌው።

ላፕቶፑን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ነገርሁት። ባለወፍጮው ነግረውት እንደነበርም ጨመርሁ። ከፈተው፤ ሪፖርቱን አገኘው።

«ሠርቷል አይደል? ታዲያ ምን ቀረሽ?»

«ደብዳቤው ይውጣልኝ።»

«ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ አይመለስም» አለ፤ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳያነሣ።

በማግስቱ የሆነውን በሁለት ገጽ ጻፍሁ። ጠጋኙ ፈረመ፤ ባለወፍጮው የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኖሩ። መዝገብ ቤት አስገብቼ እኔም ቁጥር አሰጠሁት። አንዱን ቅጂ ከእኔ ማኅደር፣ ሌላውን ከእሱ ማኅደር አስያያዝሁ። በመስከረም ዝውውር ጠይቄ ወገዳ ወደምትባል ሌላ ከተማ ሄድሁ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ሠራሁ።