ውኃ የጠገበው ኮሰረት

ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ባለች መንደር፣ ንግሥቴ የምትባል ባልቴት ነበረች። ሰው ግን «ንግሥቴ ኮሰረት» ነበር የሚላት፤ የአባቷን ስም የሚያውቁት የንስሐ አባቷና የቀበሌው መዝገብ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ኮሰረት መቼም ቅቤ ሲነጠር ጣል የሚደረግ፣ ሆድ ሲነፋም ተፈልቶ የሚጠጣ ቅጠል ነው፤ በየጓሮው አለ። የንግሥቴ ግን ሌላ ነበር። በቡሬ ቅቤ አንጥራ በመሸጥ የታወቀችው ወይዘሮ ሀብትነሽ አሥር ዓመት ሙሉ ከእርሷ ሌላ ኮሰረት በደጇ አላስገባችም።

ኮሰረቱ የበቀለው ከጎጆዋ ጀርባ፣ በድንጋዩ ካብ ሥር ነበር። ማንም አልኮተኮተው፣ ማንም አላጠጣው፤ ፍየል እንኳ ሸተት አድርጎት ያልፍ ነበር። ንግሥቴም ብትሆን የምታውቅለት የመቁረጫውን ቀን ብቻ ነው። አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቅ ሊል ሲል፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ሳትደርስ ይቆረጣል። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ጠይቃ አታውቅም፤ እናቷ እንዲያ ትቆርጥ ነበር፣ እርሷም እንዲያው ትቆርጣለች። ከዚያ በጭብጥ በጭብጡ አስራ በሣር ክዳኑ ጠርዝ ሥር፣ ከጥላው ውስጥ ታንጠለጥለዋለች።

እንግዲህ ጊዜው ስለ መስኖና ስለ እርሻ ፓኬጅ በየስብሰባው የሚነገርበት፣ አገሩም ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረትን ለመቀበል ሽር ጉድ የሚልበት ነበር። በንግሥቴ መንደርም ከወንዙ ቦይ ተጠልፎ ወጣ። ጌታሁን የሚባል ሰው አክባሪ የልማት ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ያስተምር ነበርና፣ አንድ ቀን ከካቡ ሥር ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ይኼን የመሰለ ነገር እንዲህ ከድንጋይ ጋር ሲታገል ዝም ይሉታል?»

«ምን ላድርገው ልጄ? ለምዶታል።»

«ቦዩ ዳር ያውርዱት። ፍግ ያቅምሱት። ከዚያ ያዩታል!»

አወረደችው። እንዳለው የሚባለው ልጇም በዚያው ሰሞን ቤቷን ቆርቆሮ አለበሰላት፤ የካቡን ድንጋይ ለመሠረት ሲጠቀምበት የቀረው አሮጌ ኮሰረት አብሮ ተነቀለ። ማን ያዝናል? አዲሱ በሦስት ወር ውስጥ ጉልበት አለፈ፤ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተንዠረገገ። ንግሥቴም ቆርጣ ቆርቆሮው ላይ ብታሰጣው ባንድ ቀን ኩርምት ብሎ ደረቀላት። ጎረቤቶቿ «መንደሩን እንዴት አወድሽው!» ሲሏት ደስ ይላት ነበር። ዓመት ሙሉ ከምትሸከመው የሚበልጠውን ባንድ ጊዜ ተሸክማ በጥር ወር ቡሬ ወረደች።

ሀብትነሽ እስሩን ፈታች፤ አሸተተች፤ መልሳ አሰረችው።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ምነው?»

«ቅጠሉስ ያምራል። ላም ብሆን እበላው ነበር።»

ንግሥቴ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ የሀብትነሽን ፊት ስታይ ተወችው። እርሷም በተራዋ አሸተተችው። የታጨደ ሣር ይሸታል እንጂ ኮሰረት ኮሰረት አይልም። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስትቆርጥና ስትሸክፍ፣ ያንን ያህል አለማሸተቷ ገረማት። ስሙን ይዛ፣ አፍንጫዋን ረስታው ኖሯል።

«ስሚኝ ንግሥቴ» አለች ሀብትነሽ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የፋሲካ ቅቤ የሚነጠረው በጾም ነው። ጣቴን ነክሬ አልቀምሰው ነገር። በአፍንጫዬ እየተመራሁ ነው የማነጥረው፣ አፍንጫዬ ደግሞ የሚያምነው ያንቺን ቅጠል ነው። ፋሲካ ነግቶ ሰው ዶሮውን ሲቀምስ ‹ይህ ደግሞ የምን ቅቤ ነው?› ካለ፣ እኔም አንቺም በዚህ ገበያ ቀና ብለን አንሄድም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እስከ ኒቆዲሞስ፣ እስከ ሰባተኛው የጾም እሑድ፣ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ካለፈ፣ ፍኖተ ሰላም ያለችው እናኑ ‹እኔ አለኝ› ብላ ልካብኛለች።»

ንግሥቴ ያን ሁሉ ሸክም መልሳ ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ገንዘቡ አልነበረም የከበዳት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው «ንግሥቴ» ብሎ የሚያበቃ አልነበረም፤ ኮሰረቱ ከቀረ ምን ተብላ ልትጠራ ነው? መጀመሪያ የሰው ዓይን ነው አለች። እንዲያ የተንዠረገገ ነገር ያለ ዓይን አይቀርምና፣ ጸበል አምጥታ ረጨችው። ቅጠሉ ጸበሉንም ጠጥቶ ይበልጥ አማረ፤ ሽታው ግን ወይ ፍንክች።

ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ለምድጃዋ ጉልቻ ፍለጋ ካቡ ወደነበረበት ሄደች። አንዱን ድንጋይ ስታነሣ እጇን የሆነ ነገር ጫረው። ሲነቀል የተረፈ አንድ አሮጌ የኮሰረት ግንድ ከፍርስራሹ መካከል ሁለት ቅርንጫፍ አውጥቷል። ቅጠሉ ከጥፍር አይበልጥም፣ ሻካራ ነው፣ አቧራ ጠግቧል። እንዲያው በልማድ አሸት አደረገችው።

አፍንጫዋን መታት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከጣቷ ላይ ሽታው እስኪመሽ አልለቀቀም።

ድንጋዩን ረስታ ወደ ቦዩ ዳር ሮጠች፤ የዚያኛውን አሸች። ውኃ፣ ውኃ ብቻ። ትንሽ ቆይታም ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየችው። ጎረቤቶቿ መንደሩን አወድሽው ያሏት ለካ ያለችውም ጥቂት ሽታ በቆርቆሮው ግለት ከቅጠሉ ወጥታ ስትሄድባት ኖሯል!

ያን ዕለት አፈር ዛቀችና ወደ ኮሰረቱ የሚገባውን ውኃ ደፈነች። በሳምንቱም ጌታሁን ከች አለ። ቅጠሉ ወደ ታች ተደፍቷል።

«እትዬ! ምን ነካዎት? ውኃ ጠምቶት እኮ ነው!»

«ይጠማው።»

«ከወረዳ እንግዶች ይመጣሉ፤ ‹ሞዴል የሆነች እናት አለችን› ብዬ አስመዝግቤዎታለሁ!»

ንግሥቴ አፈረች። ይህን ልጅ ማሳፈር በጣም የማትፈልገው ነገር ነበር፤ ስትታመም ፈረስ ፈልጎ ጤና ጣቢያ ያደረሳት እርሱ ነው። ከፍርስራሹ ያመጣችውን ቅርንጫፍ አነሣች።

«በል ይኼን እሸውና አሽት። አሁን ደግሞ የኛን ሞዴል አሽት።»

ጌታሁን ሁለቱንም አሸተተ። እንደገና አሸተተ። ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን አከከ።

«ትምህርት ቤት የነገሩን ስለ ጤፍና ስለ በቆሎ ነው» አለ በመጨረሻ። «እዚያ ያልተጠማ ይበልጣል።»

«ኮሰረት ጤፍ አይደለማ ልጄ። ሲቸገር ነው የሚሸተው።»

«እንግዶቹንስ ምን ልበላቸው?»

«ከኮሰረቱ ወዲያ የተከልኩትን ድንቼን አሳያቸው። ድንቼ እንዳንተ ትምህርት ነው የሆነው።»

ሳቀና ሄደ። እንግዶቹም በቀጠሯቸው መጡ፤ ድንቹን አዩ፣ ማስታወሻ ያዙ፣ ኮሰረቱን ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። ንግሥቴ ከበሩ ሥር ቆማ ረጅም ትንፋሽ አወጣች።

ቅጠሉም በየቀኑ እየጠበበ፣ እየሻከረ ሄደ። በመጻጉዕ ሰሞን፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ የጣት ያህል ሽታ መለሰ፤ በደብረ ዘይት ደህና ሆነ። በገብር ኄር ሳምንት አበባው ጫፍ ጫፉ ላይ ብቅ ሊል ቋጠረ። ኀሙስ ልትቆርጥ ማጭዷን ስላ ተኛች።

ረቡዕ ከሰዓት ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። እንዲያ ያለ ዝናብ በመጋቢት! ማሳው ጨቀየ፣ ኮሰረቱ ራሰ። ኀሙስ ጧት አሸተተችው፤ ቀንሷል። ልጇ እንዳለው «ኒቆዲሞስ እኮ እሑድ ነው፤ ቁረጪውና ይብቃሽ» አላት። እጇ ማጭዱን ያዘ፤ ተወው። ዛሬ ከተቆረጠ በጥር የወሰደችውን ሣር ደግማ መውሰዷ ነው። ብትጠብቅ ደግሞ እናኑ ትቀድማታለች፤ አበባውም ሊፈነዳና ቅጠሉ ጉልበቱን ሊያጣ ነው። ኀሙስን፣ ዓርብን፣ ቅዳሜን ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆማ የኒቆዲሞስን ወንጌል ስትሰማ ልቧ ከማሳው ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበላት።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ መሬቱ ጠፈፍ ጠፈፍ ሲል፣ አሸት አደረገችው። መታት። ገና ጥቂት አበባ ነበር የፈነዳው። ቆረጠች። ቆርቆሮውን ቀና ብላም አላየችው፤ ከጎተራዋ ሥር፣ ነፋስ ከሚገባበት ጥላ አንጠለጠለችው። ያ ደግሞ፣ አየሩ ከዝናቡ ወዲህ እርጥብ ነበርና፣ አራት ቀን ፈጀ።

ዓርብ ቡሬ ስትደርስ የሀብትነሽ ምድጃ ነዷል፣ ቅቤው ብረት ድስቱ ውስጥ መቅለጥ ጀምሯል። ከበርጩማው ላይ የእናኑ ኮሰረት ተፈትቶ ተቀምጧል። ንግሥቴ ሸክሟን አወረደች።

«ኒቆዲሞስ ዛሬ ነው እንዴ በናንተ አገር?» አለች ሀብትነሽ ዞር ሳትል።

«ዝናብ መጣብኝ።»

«ለሰው ሁሉ ነው የዘነበው።»

«ለሰው ሁሉ ዘንቧል። እስኪደርቅ የምጠብቅ ግን እኔ ነኝ። ሣር ላመጣልሽ ብችልማ በቀኑ እደርስ ነበር።»

ሀብትነሽ ማማሰያዋን አስቀመጠች። የንግሥቴን እስር ተቀበለችና ከመፍታቷ በፊት ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አንድ ቅጠል በጣቷ ፈረከሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ የእናኑን ኮሰረት ከበርጩማው አንሥታ ወደ ጓዳ ወሰደችና በቦታው ንግሥቴን አስቀመጠቻት።

«አንቺ ክፉ» አለቻት። «ሰው እንዲህ ያስጨንቃል?»

«አንቺ ነሽ ያስጨነቅሽኝ!»

ቅቤው አረፋውን ሲጥል ሀብትነሽ ኮሰረቱን በእፍኟ በተነችበት። ጠረኑ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ቤቱን ሞላ፣ በመስኮቱ ወጣ፣ አጥሩን ተሻገረ። ሁለቱም ሴቶች ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ።

በዚህ መሐል በመንገዱ የሚያልፉት የሰፈሩ ካህን የቄስ ገብረሰንበት ጥምጥም ከአጥሩ በላይ ታየ።

«ሀብትነሽ!»

«አቤት አባቴ!»

«ሃምሳ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በአፍንጫዬ አስገደፍሽኝ! አሁን እኔ ቀኖና ከማን ልቀበል?»

«ከንግሥቴ ይቀበሉ አባቴ፣ ጥፋቱ የእርሷ ነው!»

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ንግሥቴ ዘረጉና «እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ አንቺ ኮሰረት» ብለው ሄዱ። ንግሥቴ አቧራ የለበሰ እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።