ሎካል ሰዓት

የፋብሪካውን ኮምፒውተሮች አሥራ ሰባት ዓመት የጠበቀችው የኔትወርክ ባለሙያዋ አለቆችን መጥላት ትታ መናቅ ከጀመረች ቆይታለች፤ ጥላቻ ጉልበት ይጨርሳል ባይ ናት። ዛሬ ግን ንቀቱም አልበቃት አለ። የእንፋሎት ቦይለሩን የሚያነደው ሽማግሌ ሊባረር ነው። የጣት አሻራው ማሽን ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ዘጠኝ ደቂቃ አርፋጅ ብሎ መዝግቦታል።

«እኔ ከቤት የምወጣው በሬዲዮ ሰዓት ነው፣ ልጄ» አላት ሽማግሌው። «ሬዲዮ ለማንም አያጎበድድም።»

ለማሽኖቹ ሁሉ ሰዓት የሚያድለውን ኮምፒውተር ከፈተች። ስክሪኑ ሰዓት የሚቀዳባቸውን ምንጮች በተርታ ያሳያል፤ አምኖ ከሚከተለው ፊት ኮከብ ያደርጋል። ትክክለኛውን ሰዓት የሚልከው ሳተላይት ድምፁ ጠፍቷል። ኮከቡ ያረፈው «ሎካል» ከሚለው ፊት ነው፤ ሰዓቱም ከሬዲዮው ዘጠኝ ደቂቃ ቀድሟል።

ምክትል ሥራ አስኪያጁን ጠርታ አሳየችው። ፊቱ በራ።

«ሎካል! የአገር ውስጥ ነዋ! በመስኮቴ የሚያልፈውን የሳተላይቱን ገመድ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ፤ መጋረጃዬን አበላሸብኝ።»

«ጌታዬ፣ ሎካል ማለት ማሽኑ የሚጠይቀው ሲያጣ ራሱን ይጠይቃል ማለት ነው። ስንት ሰዓት ነው ቢሉት፣ እኔ ያልኩት ነው ይላል።»

«እና ምን ችግር አለው?» አለ። የምሩን ነበር።

ይህን ጭንቅላት ክራባት ባይዘው ኖሮ ነፋስ ይወስደው ነበር፣ አለች በሆዷ። ሠራተኛውስ? ሁሉም ሳይጠይቅ ሰዓቱን በፋብሪካው አስተካክሎ፣ ጨለማውን እየገፋ ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ ዓይኗ ክንዷ ላይ አረፈ። ዩኒቨርሲቲ ስትጨርስ አባቷ የሰጣት ሰዓት እሱም ዘጠኝ ደቂቃ ቀድሟል። መቼ እንዳዞረችው እንኳ አታስታውስም። ስድቧን ዋጠችው።

ገመዱን መልሳ ሰካች። ትንሽ ቆይቶ ኮከቡ ወደ ሳተላይቱ ተዛወረ፣ ዘጠኙ ደቂቃም በነነ።

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ፣ ስንብቱ ይቅር። ግን በእኛ ሰዓት ሁሉም ከወጣ በኋላ ዘጠኝ ደቂቃ ብቻውን ግቢ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው።»

ሽማግሌው ተጠርቶ ወረቀቱ ቀረበለት። ፈረመ። «ቀንና ሰዓት» ከሚለው መስመር ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመና ቀና አለ።

«ጌታዬ፣ በማን ሰዓት ልጻፈው?»