ስሜን የሰነጠቀው ግድግዳ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ቤታችን ሊፈርስ ስለነበረ ብቻ አይደለም። እስካሁን ከጻፍሁት ሁሉ ለሰው የጠቀመው አራት ፊደል ብቻ ስለሆነም ነው። እሱንም የጻፍሁት በወረቀት ላይ አልነበረም። አሁን ግን ወረቀትም ብዕርም ስላለኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምንኖረው ላሊበላ ነው። የሠፈራችን ቤት ክብ ነው፤ በቀይ ድንጋይና በጭቃ ይገነባል። ምድር ቤቱ የከብትና የእህል ነው፣ ደርቡ ደግሞ የሰው። ወደ ደርቡ የሚወጣው በውጭ በኩል ባለው የድንጋይ ደረጃ ነው። አባዬ ግንበኛ ናቸው። በሠፈሩ ካለው ቤት ግማሹ የእሳቸው እጅ አለበት።

ለታላቅ ወንድሜ ለሞላ ከሙጃ አገር ልጅ ታጨችለት። የልጅቱ አባት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ለብቻዋ በር ያለው ቤት ይሠራላት፤ ያለዚያ አልሰጥም» አሉ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ።

ችግሩ ቦታ ነው። በአንድ በኩል የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ነው፤ እዚያ መቆፈርም መገንባትም አይቻልም። በሌላ በኩል የጎረቤታችን የአያ ደምሴ ግድግዳ አለ። ከፊት መንገድ ነው፣ ከኋላ ገደል። የቀረው ወደ ላይ ብቻ ነበር።

አባዬ በደርቡ ላይ ሌላ ደርብ ሊሠሩ ቆረጡ። በሠፈራችን ሦስት ቤት ተደራርቦ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። አያ ደምሴም ግንበኛ ናቸውና ነገሩን ሲሰሙ እየሳቁ አባዬ ዘንድ መጡ።

«ካሴ፣ ምነው? ከመላእክት ጋር ጉርብትና አማረህ?»

«ልጄን ልድርበት ነው።»

«ኧረ ቀበሌዎቹ ትርፍ ቤት ነው ብለው ይወርሱብሃል!»

«የምን ትርፍ ቤት! ቤቱ ያው አንድ ነው። ቁመት ነው የጨመረ።»

«ወይ ጉድ! አባቶቻችን አሥራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ነው የሠሩት። አንዳቸውም ወደ ላይ ሲያዩ አልሰማሁም» አሉና ሄዱ። አባዬ በማግሥቱ ድንጋይ መጥረብ ጀመሩ።

በዚያው ሰሞን የእህል መጋዘን ሊያሠራ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ነበር። የሒሳብ አስተማሪያችን ለምነውት ወደ ክፍላችን መጣ። ከመጽሔት የተቀደደ ሥዕል አሳየን። ባለ አርባ ፎቅ ሕንፃ ነው። ቢሮ መስሎን ነበር። «መኖሪያ ቤት ነው። የእናንተ ሠፈር ሰው በሙሉ ቢገባበት ገና ግማሹ ባዶ ይሆናል» አለን።

አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ እጇን አወጣች። «ውሃ ማን ያወጣላቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀባት። እሱ ግን አልሳቀም። ሕንፃውን የሚሠሩ ሰዎችም መጀመሪያ ከሚጨነቁበት ነገር አንዱ ይኸው እንደሆነ ነገራት። ውሃውን በአንድ ትንፋሽ እስከ ላይ ቢገፉት የታችኛው ቧንቧ ይፈነዳል፤ ስለዚህ በየመሐሉ እያሳረፉ ነው የሚያወጡት። ልጅቱ ዙሪያውን አየችና ቀና ብላ ተቀመጠች።

ቀጥሎ ስለ ነፋስ ነገረን። እንዲህ ያለ ሕንፃ ነፋስ ሲመታው ይወዛወዛል አለ። እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ድርቅ ብሎ ቢሠራ አደጋ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥርም የሚገነቡበትን ነገር ያቀልሉታል።

እኔ የጠየቅሁት ስለ መሬቱ ነው፤ ቤታችን ትዝ ብሎኝ። እሱም «ማንኛውም ቤት ትንሽ ይሰምጣል» አለኝ። «እኩል ከሰመጠ ማንም አያውቅበትም። አንዱ ጎን ብቻውን ጣት ያህል ቢሰምጥ ግን አናቱ ብዙ ይዘማል። ግድግዳው ይሰነጠቃል።»

ስንጥቅ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም አለ። የቆመ ስንጥቅ አለ፣ የሚሄድ ስንጥቅ አለ። ለመለየት በስንጥቁ ላይ ስስ መስተዋት አጋድመው ይለጥፉበታል። መስተዋት አይለጠጥም፤ ስንጥቁ ከሄደ ይሰበራል። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍሁት። ያኔ የሰማሁትን ሁሉ ነበር የምጽፈው። መሐንዲሱ ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ወገል ጤና ሄደ።

ማታ እራት ላይ ለአባዬ ነገርኋቸው። «እኔ የማውቀው ቱንቢዬን ነው» አሉኝ። ቱንቢ ግድግዳ መቆሙን የሚያዩበት በገመድ የታሰረ ብረት ነው።

ሦስተኛው ቤት ወገብ ሲደርስ ምድር ቤቱ ከውስጥ በአዲስ ጭቃ እንዲለሰን አባዬ አዘዙ። ጭቃና ጭድ አቡክተን የለሰንነው እኔና እማዬ ነን። ከትልቁ የእህል ጎታ ኋላ ያለውን ጠባብ ቦታ ለእኔ ተወችልኝ፤ ቀጭን ስለሆንሁ እገባለሁ። ለስኜ ስጨርስ ግድግዳው ርጥብና ልስልስ ሆኖ እንደ አዲስ ደብተር ታየኝ።

እዚህ ላይ አመሌን መናገር አለብኝ። ያኔ ስሜን የማልጽፍበት ነገር አልነበረም። በጋኑ ላይ ጽፌያለሁ፣ በአህያው ኮርቻ ላይ ጽፌያለሁ። እማዬ «አንች ልጅ፣ ግድግዳ የነካሽ እንደሆነ ጣትሽን እቆርጠዋለሁ!» ብላኛለች። የግንበኛ ቤት ግድግዳ መሞነጫጨር ነውር ነው። ከጎታው ኋላ ግን ማንም አያይም። ምስማር አነሣሁና በትልቁ «ታንጉት» ብዬ ጻፍሁ።

ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ገብስ ላወጣ ኩራዝ ይዤ ስገባ ስሜን አየሁት። በ«ን» እና በ«ጉ» መካከል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶበታል። ጭቃው ሲደርቅ ነው ብዬ ትንሽ ጭቃ አቡክቼ ደፈንሁት። ደፍኜ መውጣት ነበረብኝ። አላስቻለኝም፤ ያንኑ ስም እንደገና ጻፍሁበት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ተመልሼ ገባሁ። ስሜ እንደገና ተሰንጥቋል፤ እዚያው ቦታ ላይ። የጻፍሁበትን ምስማር ጫፉን አስገባሁት፤ ገባ።

የሚደርቅ ጭቃ የትም ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሁለቴ በአንድ መስመር ግን ምን ያመጣዋል? መሐንዲሱ የነገረን መስተዋት ትዝ አለኝ። እኔ ሳላውቅ ለጥፌዋለሁ፤ እሱም ሁለቴ ተሰብሯል።

ከላይ የሰው ድምፅ ይሰማኛል። የዚያን ቀን ደቦ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው የጥድ ወራጅ ተሸክሞ ወደ ሦስተኛው ቤት ይወጣል። ወራጁ ዛሬ ካረፈ ነገ ጣሪያው ይከደናል። ከዚያ በኋላ ሞላና ሙሽራዋ ይገቡበታል።

ወዲያው ሮጬ ወጣሁ ብል እዋሻለሁ። ስልቻው ላይ ቁጭ ብዬ አሰብሁ። ተሳስቼ ከሆነ ሠርጉን አበላሻለሁ። ልክ ከሆንሁም ሠርጉን አበላሻለሁ። በሁለቱም መንገድ ግድግዳ ላይ መጻፌ ይታወቃል። ይህን እያሰብሁ ሳለ ከግድግዳው ሁለት የጭቃ ፍርፋሪ እግሬ አጠገብ ወደቀ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

በደረጃው ወጥቼ «አባዬ፣ ይውረዱ» አልሁ።

«ምን ሁነሽ ነው?»

«ግድግዳው ይሄዳል።»

ወራጅ የተሸከሙት ሰዎች ሳቁ። «ወዴት ነው የሚሄድ? ወገል ጤና ገበያ?» አለ አንዱ። ሌላው «ከሄደ ጨው ያምጣልን!» አለ።

ሞላ ግን ተቆጣ። «አንች ከመቼ ወዲህ ነው ግንበኛ የሆንሽ? ውረጅ ከዚህ!»

«ስሜ ተሰንጥቋል» አልሁ። ከዚህ የተሻለ ቃል አልመጣልኝም። አሥራ ሁለቱም በአንድ ላይ ሳቁ።

አባዬ አልሳቁም። መዶሻቸውን አስቀመጡና «የት ነው የጻፍሽው?» አሉኝ።

«ከጎታው ኋላ።»

ተከትለውኝ ወረዱ። ምድር ቤቱ ቀንም ጨለማ ስለሆነ ኩራዝ አበራሁላቸው። ጎታውን ገፋ አድርገን ገባን። አባዬ ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን «ታ» ላይ አደረጉና የምስማሩን ጭረት እየተከተሉ ሄዱ። ስንጥቁ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ስትጽፊው እንዲህ ነበር?»

«አልነበረም። ይህ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያም እዚሁ ላይ ተሰንጥቆ እኔ ደፍኜው ነበር።»

ከልስኑ አንድ ጭድ መዘዙና ስንጥቁ ውስጥ ከተቱት። ጭዱ እስከ ጫፉ ገባ። ከዚያ ወጥተው በዚያው ጎን ከላይ ቱንቢ አወረዱ። ያን ግድግዳ ከሦስት ሳምንት በፊት ራሳቸው ሲለኩት ቀጥ ብሎ ነበር። አሁን ሁለት ጣት ወደ ውጭ ዘሟል።

«ወራጁን አስቀምጡ» አሉ ወደ ላይ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አንድ በአንድ ውረዱ። አትሩጡ። ማንም እንዳይዘል።»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። የመጨረሻው ሰው መሬት እስኪረግጥ አባዬ ደረጃው ሥር ቆመው ነበር። በዚያና በማግሥቱ ቀን የሦስተኛው ቤት ድንጋይ በእጅ ቅብብሎሽ ወረደ። አባዬ የጠረቡትን ድንጋይ ራሳቸው ነበሩ የሚያወርዱት። ሞላ እስከ ሆሣዕና ድረስ አላናገረኝም።

ግድግዳው በዘመመበት በኩል መሠረቱን ሲቆፍሩት ነገሩ ተገኘ። ከሥሩ የጥንት የእህል ጉድጓድ ነበረ። አንድ ሰው ባልታወቀ ዘመን በአፈርና በጥራጊ ድንጋይ ሞልቶት ተረስቷል። ሁለት ቤት ሲሸከም ኖሯል፤ ሦስተኛው ሲጨመርና የበልጉ ውሃ ሲገባበት መስጠም ጀመረ።

አያ ደምሴ ማንም ሳይጠራቸው መጡና ጉድጓዱ ውስጥ እስከ አንገታቸው ገቡ። ከውስጥ ሆነው «ካሴ፣ አባቶችህ ወደ ታችም ቤት ሠርተውልህ ነበር እኮ! ለካ ትርፍ ቤት አለህ!» አሉ። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሁለቱ ሆነው ጉድጓዱን እስከ ዓለቱ ጠርገው በድንጋይ እየጠቀጠቁ ሞሉት።

አባዬ ሁለት ቀን የወረደውን ድንጋይ ሲደረድሩ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን «ያን የመሐንዲሱን ነገር አንብቢልኝ» አሉኝ። ከደብተሬ አነበብሁላቸው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ያቀልሉታል የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ይህን እሱ ነው ያለ?»

«አዎ።»

«ሞኝ አይደለም» አሉ።

ከዚያ ሦስተኛውን ቤት በድንጋይ ሳይሆን በእንጨት ማገርና በስስ ጭቃ ሠሩት። ሠርጉ ወደ ግንቦት ተላለፈ። የሙሽራዋ አባት አጉረመረሙ። ከሙጃ መጥተው እስከ ላይ ወጡ፤ ግድግዳውን በትከሻቸው ሁለት ጊዜ ገፉት፤ በሩን ከፍተው ዘጉት። «በሩ ለብቻዋ ነው» ብለው ወረዱ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት አባዬ ከጎታው ኋላ ያለውን ስንጥቅ ራሳቸው ለሰኑት። ከዚያ ጠሩኝና ምስማር ሰጡኝ።

«ጻፊ» አሉ።

«ምን ልጻፍ?»

«ያንኑ ነዋ!»

እማዬ በር ላይ ቆማ ታየን ነበር። ስለ ጣቴ ምንም አላነሣችም።

አሁን ዓመት ሊሆነው ነው። ሞላና ሚስቱ ከላይ ሲራመዱ ይሰማናል። ሞላ ከእኔ ጋር ታርቋል። አንዳንዴ ግን ሰው ፊት «ቤቴን ያስፈረሰችው» እያለ ያስተዋውቀኛል። አባዬ በወገብ ሕመም እያሳበቡ ከመሠረተ ትምህርት የቀሩ ሰው ናቸው። በቀደም የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲጠይቋቸው «አራት ፊደል አውቃለሁ፤ ለቤቴ ይበቃል» አሏቸው።

ያን መሐንዲስ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። መስተዋት ባጣ ቦታ ጭቃም እንደሚሠራ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ብዙ እጽፋለሁ፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ቢታተም ሰው አንድ ጊዜ ያነበዋል። ከጎታው ኋላ ያለውን ግን አባዬ በየሳምንቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ኩራዝ ይዘው ገብተው ከ«ታ» እስከ «ት» በጣታቸው ያነቡታል። ሲወጡ እማዬ «እንዴት ነው?» ትላቸዋለች።

«ታንጉት ደህና ናት» ይላሉ። እኔም ደጅ ሆኜ እሰማለሁ።