«አምኖ ሰጠ» ብዬ የጻፍኩት ዋዛ

ቃሉ አልገባኝም ነበር ወይስ እንዲገባኝ አልፈለግሁም? ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ።

ከወሎ በሰፈራ አሶሳ በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው መንደራችን፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ሃያ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነበር። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ለአብዮት በዓል በተከፈተችው ሙዚየም መዝገብ ያዥ አደረጉኝ። ሙዚየም ማለት አንድ ክፍልና ሁለት ቁም ሣጥን ነበረች።

አንድ የበርታ ሽማግሌ ከቅል የተሠራ ረጅም ጥሩንባ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ስሙን ስጠይቃቸው «ዋዛ» አሉ።

ኃላፊያችን ሳቀ። «ዋዛ! ፈዛዛውንስ የት ተዉት?»

ሽማግሌው አልሳቁም። ቤታቸው ሌሎችም እንዳሉ፣ እያንዳንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ እንዳለው፣ በሰርግ ጊዜ ነፊዎቹ ተሰልፈው እየተቀባበሉ አንድ ዜማ እንደሚያወጡ በተቆራረጠ አማርኛ አስረዱን። ከዚያ ጥሩንባውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና እጃቸውን ሳያነሱ «አማና» አሉ። ደገሙት፤ «አማና፣ ልጄ።»

እኔ ቃሉን ከ«አመነ» ጋር አዛመድኩት። «አምኖ ሰጠ» ብዬ ጻፍኩ፤ አንዲት ፊደል ሳልገድፍ።

በዓሉ አልፎ አዝመራው ሲገባ ሽማግሌው ተመለሱ። የትልቋ ልጃቸው ሰርግ ደርሷል። ኃላፊው መዝገቡን ገልጦ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ።

«አባባ፣ አምነው ሰጥተዋል። አሁን የሕዝብ ንብረት ነው።»

«አማና ነው» አሉ። «አንድ የለም፣ ዘፈን የለም።» ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መዝገቡ ዞርኩ።

ሲወጡ ኃላፊው ጠጋ ብሎ «ዓይኑን አየሽው? ሱዳን አሻግሮ ሊሸጠው ነው» አለኝ። አመንኩት። ያኔ እኛ ሰፋሪዎቹ እነሱን፣ እነሱም እኛን በጎን ነበር የምንተያየው። ቁም ሣጥኑን በቀን ሦስት ጊዜ እፈትሽ ጀመር። ሽማግሌው በደጃችን ባለፉ ቁጥር መቀነቴ ላይ ያሰርኩትን ቁልፍ እጨብጥ ነበር።

የሰርጉ ሰልፍ በሙዚየሙ በር አለፈ። ዜማው ይመጣ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ፣ ጥርስ እንደወለቀበት አፍ፣ ክፍት ይላል። ክፍቱ የት እንደተቆለፈ የማውቀው እኔ ነኝ።

ከወራት በኋላ ገበያ ላይ አንድ የበርታ ነጋዴ ጆንያውን ለጎረቤቱ እያሳየ «አማና» ብሎ ሊሰግድ ሲሄድ አየሁ። ሰግዶ ተመለሰና ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። ለካ አማና እኛ አደራ የምንለው ነው! ሽማግሌው የነገሩኝ «አስቀምጪልኝ» ብለው ነበር።

ግን ፈራሁ። መዝገብ አበላሸች፣ የሕዝብ ንብረት አሳልፋ ልትሰጥ ነው ቢሉኝስ? ተጠርጣሪዋ እኔ ልሆን ነዋ። ሁለት ዓመት ቁልፉን ይዤ ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ማንጎ ከምትሸጥ ሴት ፊት ቆምኩ፤ የሽማግሌው ልጅ፣ ያቺው ዜማ የጎደለባት ሙሽራ ናት። አባቷ ታመው ከቤት አይወጡም። የታናሽ እህቷ ሰርግ ደግሞ ቀርቧል። ማንጎ ልመርጥ አጎንብሼ፣ ሳላስበው ሁሉንም ነገርኳት፤ የጻፍኩትንም፣ ካወቅሁ በኋላ ዝም ያልኩትንም።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ለምን ለኔ ትነግሪያለሽ? እኔ አውቃለሁ። ወረቀቱ ነው የማያውቅ።»

ማንጎዋን በጆንያ ሸፈነች። አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት «አማና» አለቻትና ተነሳች።

«ነይ፣ ወደ ወረቀቱ እንሂድ።»