ዳኛዋ ቀና ብለው ሲያዩን

ኦክላንድ ባለው የካውንቲ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ገና ረፋዱ ላይ ስም ወጣልኝ። ዘውዲቱ መሆኔ ቀርቶ «ስፕሪንግ»፣ ማለትም ሞላ፣ ተባልኩ።

ያወጣችልኝ አለቃዬ ኢርማ ናት። በመዝገብ ቤት ሥራ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የኦክላንድ ልጅ ነበረች። ጠበቃ ወደ መስኮቱ በመጣ ቁጥር ብድግ እላለሁ። የክፍል ኃላፊ ሲያልፍ ብድግ። ፖስታ የሚያመጣው ሰውዬ ከረባት ስላሰረ ለእሱም ብድግ አልኩለት። ኢርማ አይታ አይታ «ወንበርሽ ላይ ምስማር አለ እንዴ?» አለችኝ።

«አክብሮት ነው» አልኳት።

«አክብሮቱን ቁጭ ብለሽ አድርጊው። እዚህ የምንቆመው ዳኛ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው።»

አልፈርድባትም። እኔ አዲስ አበባ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሳለሁ የለመድኩት ሌላ ነው። እኛ ጋ ዳኛ ቀና ብሎ ካየህ ትቆማለህ። ተጠራህ አልተጠራህ፣ ትቆማለህ! ቁጭ ብሎ ለዳኛ መመለስ ያሳደገን ሰው ማሰደብ ነው። አእምሮዬ የኢርማን ደንብ ወዲያው ያዘ፤ ጉልበቴ ግን እምቢ አለኝ።

ማኅተሙም ጉድ ነበር። አዲስ አበባ ማኅተም የሚቀመጠው ተቆልፎበት ነው፤ ቁልፉንም ከራሴ አልለየውም ነበር። እዚህ መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች የኤሌክትሪክ ማሽን አለች፤ ወረቀቱን ስታጎርሷት ጧ! አድርጋ ትነክሰዋለች። አንዱ ምት «ደረሰ» ይላል፣ ሌላው «ተመዘገበ»። ደረሰ ማለት ወረቀቱ እጃችን ገብቷል ማለት ነው። ተመዘገበ ማለት ግን ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ተቀብሎ ፋይል ከፍቷል ማለት ነው። ኢርማ ሁለቱን የሚያምታታ ሠራተኛ አትወድም። እኔ አላምታታሁም፤ እንዲያውም ያቺ ጧ የምትለው ድምፅ እንዴት ደስ እንደምትለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ከሥራ በኋላ ሳን ሆዜ እየተመላለስኩ የችሎት ጸሐፊነት ኮርስ ወሰድኩ። ጉዳይ በተራ መጥራት፣ ምስክር ማስማል፣ ማስረጃ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ዳኛው ያዘዘውን እዚያው መጻፍ፤ ይኸው ነው ሥራው። ከመስኮት ወደ ችሎት ማለፍ እድገት ነው። እኔም አለፍኩ፤ ያን ቀን ሳን ሊያንድሮ ቤቴ እስክገባ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው እያየኝ ነበር።

ኢርማ ወደ ችሎት ስትልከኝ ሁለት ነገር አጥብቃ ነገረችኝ። ለባለጉዳይ የሕግ ምክር አትስጪ። ችሎት ውስጥ ደግሞ ጸሐፊ ጆሮና እጅ እንጂ አፍ የለውም፤ ካልጠየቁሽ አትናገሪ። «እኛም ‹ዝም አይነቅዝም› እንላለን» ብዬ ተረጎምኩላት። በጣም ወደደችው። በአማርኛ አስጻፈችኝና ፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ ለጠፈችው።

ሰው ሲጎድል ወደ መስኮቱ እመለስ ነበር። እትዬ ወርቅነሽን ያወቅኳቸው እንደዚያ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሚሠሩ፣ የአማርኛ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል የሆኑ ባልቴት ናቸው። የእህታቸው ልጅ በሕመም ሞታ ሴት ልጇ ሜላት እጃቸው ላይ ቀርታለች። ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ሞግዚት አድርጓቸዋል፤ አሁን ቋሚውን ሊጠይቁ መጡ።

«ልጄ፣ አንቺ ብትሆኚ እዚህ ጋ ምን ትጽፊ ነበር?» አሉኝ።

«እትዬ፣ ምክር መስጠት አይፈቀድልኝም።»

«ምክር ማን ጠየቀሽ? ንገሪኝ ነው ያልኩሽ!»

የነጻ የሕግ እርዳታ ቢሮው የት እንደሆነ አሳየኋቸው፤ ያ ይፈቀዳል። ቅጹን ሞልተው ሲመለሱ ቆሎ በላስቲክ ቋጥረው በመስኮቱ ሥር አሾለኩልኝ። መለስኩላቸው። ተቀየሙ።

«ምርቃትስ ይከለከላል?»

«ምርቃት የሚከለክል ደንብ አላየሁም።»

ጌታ ይባርክሽ ብለው ጀመሩ፤ ሰልፉ ከኋላቸው እየረዘመ ዘር ማንዘሬን መርቀው ጨረሱ። እኔም አሜን ብዬ ማኅተሙን መታሁት፦ ተመዘገበ።

የቀጠሮው ጠዋት እኔ የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ዳኛዋ ፈጣን ናቸው፤ ብዙ ጉዳይ ይዘው ስለሚገቡ ቃል አያባክኑም። ጊዜያዊው ሞግዚትነት የሚያበቃው በዚያው ዕለት ነው። ተቃዋሚ ከሌለ ሜላት ከእትዬ ጋር ትኖራለች። ተቃዋሚ ካለ ግን ጉዳዩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ልጅቷም እስከዚያ ለማታውቀው ቤተሰብ ትሰጣለች። ለዚሁ ብላ የመጣች የካውንቲው ሠራተኛ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀምጣለች።

ከእትዬ ኋላ ያለው ወንበር በምእመናን ሞልቷል። ከሥራቸው ኦፍ ጠይቀው፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ነው የመጡት። ፊት ለፊት ሽማግሌያቸው ጋሽ ታደሰ ሙሉ ሱፍ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጉዳዩን ጠራሁ፤ እትዬን አስማልኩ። አስተርጓሚው ጆሯቸው ሥር ሆኖ ለእሳቸው ብቻ ያንሾካሹካል።

ዳኛዋ ወረቀቱን እያገላበጡ በፈጣን እንግሊዝኛ «ይህን ጥያቄ የሚቃወም ካለ ይቁም» አሉና በመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው ወንበሩን አዩት።

ጋሽ ታደሰን ዳኛዋ አዩዋቸው፤ ቆሙ። ኮታቸውንም ቆለፉ። አጠገባቸው ያሉት ቆሙ። ከኋላ ያሉትም ቆሙ። እንግሊዝኛ አሳምረው የሚያውቁትም አልቀሩም፤ ጋሽ ታደሰ ቆመው እነሱ ሊቀመጡ ነው? ወይ ጉዴ! ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ።

የካውንቲዋ ሠራተኛ ቦርሳዋን አነሣች። እትዬ ዞር ብለው ሲያዩ ሁሉም ቆሟል፤ ለእሳቸው ክብር መስሏቸው ፈገግ አሉ። አስተርጓሚው ሲነግራቸው ፈገግታው ፊታቸው ላይ ደረቀ። «ምን አደረግኳቸው?» አሉ። ሜላት የእትዬን ሹራብ እጅጌ ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

«ይህን ሁሉ ተቃዋሚ አልጠበቅኩም» አሉ ዳኛዋ። ወደ እኔ ዞረው «ጸሐፊ፣ መዝግቢው» አሉ።

ብዕሬን አነሣሁ። ለምን እንደቆሙ አውቃለሁ! ከእኔ በቀር የሚያውቅ ደግሞ ያለ አይመስልም። ጸሐፊ አፍ የለውም። ዝም አይነቅዝም፤ ግን ያቺ ልጅ ዝም ባልኩበት ምሽቱን የማታውቀው ቤት ልታድር ነው። እጅ ላውጣ፣ ብጣሽ ወረቀት ጽፌ ላቀብል እያልኩ ሳስብ፣ ጉልበቴ ቀደመኝ። ብድግ አልኩ።

ዳኛዋ ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺም ትቃወሚያለሽ?»

«አልቃወምም፣ ዩር ኦነር። ስላናገሩኝ ነው የቆምኩት። እኛ ዳኛ ሲያየን እንቆማለን። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነሱንም ለምን እንደቆሙ ይጠይቋቸው።»

ዳኛዋ አስተርጓሚውን ወደ ጋሽ ታደሰ ላኩት።

«ይህን ጥያቄ ይቃወማሉ?»

«እኔ?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «እኔ ወርቅነሽን? ባለቤቴ ስትታመም ሌሊት ከሥራ ወጥታ እኛ ቤት ታድር የነበረች ሴት! አፌ ቁርጥ ይበል!»

«ታዲያ ለምን ቆሙ?»

«ዳኛዋ አዩኝ። ጋድም ብዬ ልያቸው?»

ሜላት በዚህ ጊዜ አላስቻላትም። አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። «ዩር ኦነር፣ ዘይ ስታንድ አፕ ፎር ኤቭሪባዲ!» አለች፤ ለሁሉም ሰው ነው የሚቆሙት ማለቷ ነው። «ቤታችን ፒዛ ያመጣውን ልጅ እንኳ ቆመው ነው የተቀበሉት።»

ዳኛዋ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሜላትን የት መኖር እንደምትፈልግ ጠየቋት፤ እሷም የእትዬን እጅጌ ሳትለቅ «እዚሁ» አለች። ከዚያ ዳኛዋ አንዲት ቃል ተናገሩ፦ ተፈቅዷል።

አስተርጓሚው ቃሉን ሳይጨርስ እትዬ «እልልልል!» ብለው ችሎቱን አናጉት። ወንበሩ ሁሉ ተቀበላቸው። ሃሌሉያው ተከተለ። ችሎት አስከባሪው ደንግጦ ወደ ዳኛዋ ሲያይ «ተዋቸው» ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። የካውንቲዋ ሠራተኛ ቦርሳዋን አስቀምጣ ታጨበጭብ ነበር። እኔ? እኔማ እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ቀና ብዬ ኮርኒሱን አያለሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኢርማ ጋ ደርሷል። ወደ መዝገብ ቤት ስገባ ፊቷን አኮሳትራ ጠበቀችኝ።

«አፍ የለሽም አላልኩም?»

«ጉልበት የለሽም አላልሽኝም።»

ለመቆጣት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከት ብላ ሳቀችና «ስፕሪንግ» አለችኝ፤ ያን ቀን ስሙን ወደድኩት።

ዳኛዋም ከዚያ በኋላ «የሚቃወም ይቁም» ማለት ተዉ። «የሚቃወም ካለ በአፉ ይናገር» ይሉ ጀመር፤ ቃላቸውንም አስተርጓሚው ወንበሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብሎ እንዲተረጉም ያዝዙ ነበር።

እናንተ ወደዚህ ሥራ አዲስ የምትገቡ ልጆች ከእኔ የሥራ ዘመን የሚጠቅማችሁ ይሄ ነው። ያያችሁትን መጻፍ ግማሽ ሥራ ነው። ሰው ሲቆም ካያችሁ፣ ለምን እንደቆመ ሳይጠየቅ «ተቃወመ» ብላችሁ አትጻፉ።