ካሜራው ውስጥ ያልዞረው ፊልም

የካቲት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አዳማ ውስጥ እናቴን በልብስ ስፌት ሱቋ በር ላይ አቁሜ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። የሱቁ የፊት ግማሽ ለመንገድ ማስፋፊያ ሊፈርስ ነበር፤ ዶዘሩ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። እናቴ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ ባሠራችው በር ላይ፣ በሩ ሳይወድቅ፣ ቀና ብላ መታየት።

ወንድሜ ስልኩን ሲያወጣ ከለከልኩት። ዓይኗ በስልኩና በካሜራዬ መካከል ከተንከራተተ ትኩረቷ እንደሚበተን አውቃለሁ። የእኔ ካሜራ በፊልም የሚሠራ ነው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳው ስለነበር፣ ፊልሙን ለካሜራው ያጎረስኩት ጋቢ ውስጥ ተሸፍኜ በዳሰሳ ነበር።

ዶዘሩ በሩን፣ ከዚያም ግድግዳውን ሲጥል እንኳ ማንሳቴን አላቆምኩም። ፊልሙ የሚይዘው ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው፤ የካሜራው መቁጠሪያ ግን ሠላሳ ስምንት አለ፤ አርባ አለ። መጠቅለያውን ባዞረው እጄ ላይ ምንም ክብደት የለም። የፊልሙ ጫፍ ከመጀመሪያውም በመጠቅለያው አልተያዘም ነበር።

«ምነው ዶክተር፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አለኝ ወንድሜ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ በቀልድ የሚጠራኝ እንዲህ ነው።

«ፊልሙ አልዞረም። አንድም ፎቶ የለም።»

«ወላሂ!» አለች እናቴ፣ ሻሿን እያራገፈች። «ይህን ሁሉ ሰዓት ለባዶ ካሜራ ነው ወገቤን አቅንቼ የቆምኩት?»

«ዩኒቨርሲቲ ይህን አያስተምሩም እኮ፣ እማ» አለ ወንድሜ።

«አንተ ዝም በል! እኔስ የስንቱን ሱሪ አሳጥሬ አበላሽቻለሁ።»

ማታ ወንድሜ ከመንገዱ ማዶ ካለው ባለሱቅ አንድ ፎቶ በስልኩ አስልኮ መጣ። እናቴ ጎንበስ ብላ ክንዷን ዓይኗ ላይ አድርጋለች፤ ከኋላዋ ግድግዳው አየር ላይ ነው። «ይኸው ተገኘ፤ አሳጥበን እንስቀለው» አለ። እምቢ አልኩ። አቧራ እየተከላከለች እንደነበር አይቻለሁ፤ ፎቶውን የሚያይ ሁሉ ግን አለቀሰች ይላል።

«ከምንም አይሻልም?» አለኝ።

«አይሻልም።»

ዛሬም አይሻልም እላለሁ። ፊልም ጊዜው አልፏል፣ ያለሽን ያዢ የሚሉኝን ሰዎች ለዓመታት በትሕትና ሰምቻቸዋለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልለወጡትም። የጠፋ ፎቶ እናቴን አይቀይራትም። ያ ፎቶ ግን ተሰቅሎ ከከረመ፣ የልጅ ልጆቿ የሚያውቋት አጎንብሳ ይሆናል። ያን ማታ እናቴ ስልኩን ከወንድሜ ተቀብላ ራቅ አድርጋ አየችው። «ይቺ አሮጊት ደግሞ ማን ናት?» ብላ መለሰችለት።

ጠዋት ስንደርስ ፍርስራሹን ጠርጋ ጨርሳለች። የቀረው ግማሽ ክፍል ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ነው፤ በአራተኛው በኩል መንገዱ ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል። ወንድሜ የጎረቤት በር ተውሰን እዚያ ላይ እናንሳት አለ።

«የሰው በር ላይ አልቆምም» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እየሰፋሁ አንሺኝ።»

የወሰንነው ይህ ነው፦ የባለሱቁ ፎቶ ቤታችን አይሰቀልም። ፎቶው እንደገና በፊልም ይነሳል፤ ፊልሙንም ነፋሱ እንዳሻው ይንፈስ እንጂ፣ ሳልሸፈን በዓይኔ እያየሁ አጎርሰዋለሁ። የስፌት ማሽኑ ግድግዳው በተቆረጠበት ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጣል። ሱቁም በዚያው ቀን ይከፈታል።