እናቴ አውራ ጣቷን ያሳረፈችበት ወረቀት

ማክሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ፖስታ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። መቆም ለእሷ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከሩቅ ሳያት ነገሩ ትልቅ እንደሆነ ገባኝ። ፖስታው ከኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። በፈረንሳይኛ ጥቂት መስመር ብቻ፦ ደብዳቤያችሁ ደርሶናል፣ የተዘጋውን ዶሲዬ፣ ፋይላችሁን ማለት ነው፣ እንደገና ከፍተናል፣ ወይዘሮ ዘይነባ በኩባንያው ሐኪም ዘንድ ቀርበው ይመርመሩ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደረሰን ያሉት ደብዳቤ የእኔ ነው። እኔ ነጃት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ጽፌው ትልልቅ ሰዎች ቁጭ ብለው አንብበውት መልስ ሰጡኝ። ቦርሳዬን ሳላወርድ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ ወዲህ ብዕር ካየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ይኸው ለእናንተም ጻፍኩ፣ ድሬ ለቀራችሁትም እንደ እኛ ወደዚህ ወደ ጅቡቲ ለመጣችሁትም። ግን ደስታውን ብቻ ጽፌ ባቆም ውሸታም እሆናለሁ።

ከድሬዳዋ የወጣነው ማለዳ በባቡር ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ቀፊራ ገበያ ሽቲ ቀሚስና ሻርፕ ትሸጥ ነበር፤ ገበያው አልሆን ሲላት ጅቡቲ ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር ውስጥ ሐጂ ዑመር የሚባሉ የድሬ ሰው ክፍል ያከራዩናል ተብሎ ተነሣን። ባቡሩ ውስጥ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆች አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። "እናንተስ በየት ነው የምትሻገሩት?" አለን አንዱ። እናቴ "እኛ እዚያው ጅቡቲ ነን" ስትለው ሳቀ። "ኧረ አቦ፣ ጅቡቲ ይታለፍባታል እንጂ ይኖርባታል እንዴ?"

ኖርንባት። ድሬን ሞቃት የሚል ሰው የጅቡቲን ሐምሌ አላየም። ድሬ ላይ ቢያንስ ዛፍ አለ፣ ሲመሽም ነፋስ ይመጣል፤ እዚህ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ላሆህ የሚባል ምግባቸው ዓይን አለው፣ የእንጀራ ዘመድ ነው ብላችሁ ትጎርሱና ጣፋጭነቱ ያስደነግጣችኋል። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ ለመድኩ። እናቴ ሽቲዎቿን በትከሻዋ ተሸክማ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች።

እዚህ ከተማ ቀትር ላይ ጫት ከእኛ አገር ይገባል። ሁሉም ሰዓቱን ያውቀዋል። ፒክአፖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ሻጮቹ ጠረጴዛ ይበራሉ፣ እግረኛው ዳር ይይዛል። በመጣን በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን እናቴም ዳር ይዛ ነበር። ዳሩ አልበቃም፤ አንዱ ፒክአፕ ገጫት። ሾፌሩ ዋይስ ይባላል፤ ገና ወጣት ነው፣ ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሳት። ፖሊስ መጥቶ መዘገበ። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሮ ጀሶ ታሰረላት። ከድሬ የመጣ ጫት ከድሬ የመጣችን ሴት ገጨ ብለው የቀለዱ ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴም አብራ ሳቀች፤ ያኔ እግሯ የሚድን መስሏት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ዑመር ዋይስንና ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎችን ይዘው መጡ። ፍራሻችን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዋይስ አንገቱን ደፍቷል።

"ዘይነባ ልጄ፣" አሉ ሐጂ፣ "ልጁ ሆን ብሎ አይደለም። ከአላህ የመጣ ነው።"

"አውቃለሁ ሐጂ።"

"የሆስፒታሉን ባለመኪናው ችሏል። እኛ ደግሞ የሰው አገር ነው ያለነው። ፖሊስ ጣቢያ መመላለስ ለማን ይበጃል?"

"ለማንም።"

"እንግዲያው አውፍ በይው።"

"አውፍ ብዬዋለሁ። አላህም አውፍ ይበለው።"

ፋቲሓ ተቀራ። ዋይስ እያለቀሰ የእናቴን እጅ ሳመ። እኔም አለቀስኩ፣ ያምር ነበር። ከዚያ ሐጂ ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀትና የቀለም ሳጥን አወጡ። "ይቺ ለወጉ ያህል ናት፤ ባለመኪናው ነው የላካት" አሉ።

የውኃ ማንቆርቆሪያ ይዤ ከእናቴ ትከሻ ኋላ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ነው። እናቴ ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ሐጂም ቢሆኑ ይናገሩታል እንጂ ማንበብ አይችሉም። እዚያ ክፍል ውስጥ ካለነው ሰዎች ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አነበብኩትም። መካከሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ ከሾፌሩም፣ ከመኪናው ባለቤትም፣ ከኢንሹራንሱም ምንም ዓይነት ካሳ አልጠይቅም።

"እማዬ፣ እዚህ ላይ..." አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ድሬ ያደጋችሁ ሴት ልጆች ያንን ዓይን ታውቁታላችሁ። ፋቲሓ ከተቀራ በኋላ ወረቀቱ ምን ይላል ብሎ መጠየቅ ሽማግሌውን ሌባ ማለት ነው። ሽማግሌው ደግሞ ቤቱን ያከራየን ሰው ነው። ዝም አልኩ። እናቴ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ቀለሙን በሻርፔ የጠረግኩላት እኔ ነኝ።

ሲወጡ ልነግራት ይገባኝ ነበር። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም። እግሯ ሲድን ማን ካሳ ይፈልጋል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሟል። እንደገና ተሰብሮ በኦፕራሲዮን መቃናት አለበት አሉ፤ ያንን ደግሞ ከየት አምጥተን። ቤት ለቤት መዞሯ ቀረ። ሽቲዎቿን በራችን ላይ ሰቅላ ተቀመጠች፤ ዘረጋግታቸው ትውላለች፣ ሲመሽ መልሳ ታጥፋቸዋለች።

ከዓመት በላይ ቆይቶ አንዲት ጎረቤት "መኪና የገጨውን ሰው የሚክሰው እኮ ኢንሹራንስ ነው" አለቻት። ሄድን። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለውም። እኔ ቀድሜ ወጣሁ።

"ተጎጂዋ ራሷ መቅረብ አለባት" አለኝ ጸሐፊው።

"መጥታለች ሙሴ። አንደኛው ፎቅ ላይ ናት።"

"ታዲያ ለምን አትወጣም?"

"እየወጣች ነው። እግሯን ነው የተገጨችው።"

ሰዓቱን አየ። "ለምሳ ልንዘጋ ነው።"

እናቴ በላብ ተጠምቃ ደረሰች። ሰውዬው ዶሲዬውን ገልጦ ያንን ወረቀት አወጣና የጣቷን አሻራ አሳያት። "ማዳም፣ ይህ የእርስዎ አይደለም?" የእሷ ነው አለች። "እንግዲያው ጨርሰናል።" ስንወርድ እናቴ "ለመሆኑ ምን ይላል ወረቀቱ?" ብላ ጠየቀችኝ። "እኔ እንጃ" አልኳት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህቺ ቃል ናት።

አስተማሪዬ አንድ የሴቶች ማኅበር ውስጥ ሕግ የምታማክር ሴት ጋ ላከችኝ፣ ማዳም ሰዓዳ ትባላለች። ሁሉንም ለእሷ ነገርኳት፣ ዝም ማለቴንም። አልተቆጣችኝም፤ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ሾፌሩን ይቅር ማለት ሌላ ነው፣ ካሳ ሌላ ነው። መኪና ያለ ኢንሹራንስ መንገድ ላይ አይወጣም፤ ኢንሹራንሱም የተገባው ለተጎዳ ሰው ነው፣ የውጭ ዜጋ ቢሆንም። ያላነበበችውንና ማንም ያላነበበላትን ወረቀት፣ ያውም ጉዳቷ ገና ሳይታወቅ የፈረመችውን፣ መቃወም ይቻላል። የፖሊሱን ሪፖርትና የመጀመሪያውን የሐኪም ወረቀት ቅጂ አውጡ አለችን።

"ደብዳቤውን ግን አንቺ ጻፊው" አለችኝ።

"እኔ ሕግ አላውቅም።"

"ሕጉን እኔ እጨምርበታለሁ። ክፍሉ ውስጥ ማን እንደነበረና ማን ማንበብ ይችል እንደነበር የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

አራት ቀን ፈጀብኝ። "ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ለእናቴ አልነገርኳትም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንቴ ሰርዤ ስንቴ መለስኩት። ያለ እሱ ደብዳቤው ደብዳቤ አይሆንም። ስጨርስ እናቴ "በአማርኛ አንብቢልኝ" አለች። አነበብኩላት። እዚያ ቦታ ስደርስ አልዘለልኩትም።

እናቴ አንድ ሽቲ አንስታ አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው።

"ያኔ ብትናገሪ በጥፊ እልሽ ነበር" አለች።

"አውቃለሁ እማዬ።"

"በኋላስ? ስንወርድ ስጠይቅሽስ?"

ደብዳቤውን ጭኗ ላይ አኖርኩላት። "ላኪው" አለችኝ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ሳይወጣ።

ዶሲዬው መከፈቱን የሰሙት ሐጂ በራችን ላይ ቆሙ፣ አልገቡም።

"ሽማግሌ አዋረድሽ ዘይነባ።"

"ሐጂ፣ ዋይስን አውፍ ብያለሁ፣ አሁንም አውፍ ነው። ኢንሹራንሱ ግን መቼ መጥቶ አውፍ በይኝ አለኝ?"

ዞረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ጠፋብን። ዋይስ ግን ሲያልፍ ቆሞ እናቴን ይጠይቃል። "ገንዘቡ የሚወጣው ከእኔ ኪስ አይደለም፣ ያኔውኑ በጠየቃችሁ ኖሮ" አለኝ አንድ ቀን። ያኔውኑ ብንጠይቅ አጥንቱ ገና ጥሬ ነበር፣ ተጣሞ አልጠናም። ማዳም ሰዓዳም አልዋሸችንም፤ ካሳው ቢገኝም ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ እግሩ ይቃና እንደሆነ ሐኪም ነው የሚያውቀው አለች። እናቴ ፖስታውን ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። "ኩባንያው ደብዳቤሽን አነበበ፤ አጥንቴ ግን ማንበብ አይችልም" ትለኛለች። ትስቃለች፣ እኔ ግን አብሬያት መሳቅ አልቻልኩም።

ማዳም ሰዓዳ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ሰው ትቀበላለች፤ "ሌሎቹንም ጥሪያቸው" ብላኛለች፣ ይኸው ጠራኋችሁ። መኪና የገጫችሁ፣ ፈርማችሁ ምን እንደፈረማችሁ ያላወቃችሁ፣ የመኖሪያ ወረቀት የለንም ብላችሁ የፈራችሁ፣ ኑ። ካርቲየ 4 ሽቲ የተሰቀለበት በር ላይ ነጃትን ብላችሁ ጠይቁ፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ገና ያልፈረማችሁ ግን ሐሙስን አትጠብቁ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ፋቲሓው ተቀርቶ፣ ቀለሙ ቀርቦም ቢሆን ላኩብኝ። መጥቼ ጮክ ብዬ አነብላችኋለሁ።